ቶርኖውን የምትመርጠው ጎጆዋ ናት

የቅኔያችን ትልቁ ስም የተወሰደው ከሥራ ቤት ነው። «ሰምና ወርቅ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቅኔ ቤቱን፣ መምህሩንና ተማሪውን ነው። ቃሉ ግን አስቀድሞ የአንጥረኛ ነበረ። አንጥረኛው የሚሻውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ በቀረው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ሊቃውንቱ ይህን አይተው የላይኛውን ትርጉም ሰም፣ የውስጡን ወርቅ አሉት። ባለእጁ ለባለቅኔው ስም አበድሮ ኖሯልና፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ አንድ የእጅ ሥራ መሣሪያ ጥቂት ብንጨዋወት ብድር መመለስ እንጂ ከመንገድ መውጣት አይመስለኝም።

መሣሪያው ቶርኖ ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ በየጋራዡ ሠፈር የምናውቀው፣ የተበላሸ የመኪናና የወፍጮ ዕቃ የሚታደስበት ግዙፉ ቶርኖ አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ የትርፍ ጊዜ ሞዴል ሠሪዎች የሚገለገሉበት ትንሹ ነው። ምሥጢሩ አንድ ነው። መጋዝና መሮ ሲሠሩ እንጨቱ ይቆማል፣ ስለቱ ይንቀሳቀሳል። ቶርኖ ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ እንጨቱ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ግን በዝግታ ይጠጋዋል። ከዚህ የሚወጣው ነገር ሁሉ ክብ ነው።

ደባርቅና ዳባት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሥራ ከሚመኙ ጥቂት ወዳጆች ጋር በጉዳዩ ላይ ደጋግመን ተከራክረናል። ክርክሩ ዘወትር የሚነሣው «የትኛውን ማሽን እንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራል፤ ሌላው በስልኩ ያያትን የምታብረቀርቅ ማሽን ያሳያል፤ ሦስተኛው «ትልቁን ገዝቶ መገላገል ነው» ይላል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ጥያቄው በጅራቱ ተይዟል። ራሱ «ምን እንሠራለን?» የሚለው ነው። የሚሠራው ነገር ታውቆ ከተለካ፣ ማሽኑን የሚመርጠው ያ ነገር ራሱ ነው።

ታዲያ ምን እንሥራ? የእኛ አገር የክብ ነገር አገር ነው። ጎጆው በምሰሶው ዙሪያ ክብ ነው። ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያናችን ክብ ሆኖ በውስጡ ሦስት ክበቦችን ይይዛል፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከብበዋል። ከበሮው፣ መሶቡ፣ ጀበናው፣ እንስራው፣ ሙቀጫው ክብ ነው። እናቶቻችን በጭናቸው ያሾሩት የነበረው እንዝርት እንኳ፣ በዘንግ ላይ የሚዞር ክብ ነገር ነው። በርግጥ ሁሉም አይደለም። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አራት ማዕዘን ነው፤ እርሱን በሞዴል ለመሥራት መጋዝና መላጊያ ይበልጣሉ። የፋሲል ግንብ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ አካሉ በመጋዝ፣ በአራቱ ማዕዘን የቆሙት ባለ ጉልላት ክብ ማማዎች በቶርኖ። የሰሜን ግርጌ ኑሮ ዋና ቅርጹ ግን ክብ ነው፤ ለዚህም ከቶርኖ የሚስማማ መሣሪያ የለም።

ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን ጉዳዩን ከቅንጦት የማልቆጥርበት ምክንያት አለኝ። ከደባርቅ ወጥቶ በየገጠሩ የሚዘዋወር ሰው በዓይኑ እንደሚያየው፣ የሣር ክዳኑ ለቆርቆሮ፣ ክቡ ቤት ለአራት ማዕዘኑ ቦታ እየለቀቀ ነው። ቆርቆሮ አያፈስም፣ በየጥቂት ዓመቱ ክዳን አይለወጥለትም፤ ማንም ገበሬ ስለ መረጠው አይወቀስም። ነገር ግን ክቡ ቤት ሲሄድ ከእርሱ ጋር የሚሄድ እውቀት አለ። ግችን እናስታውስ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው ይህ የደጋ መንደር በ2008 ዓ.ም. ተነሥቶ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈረ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው መንደሩ በተነሣ በዓመቱ፣ በ2017 ነው። መነሣቱ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይሻል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዋልያው ተቆጥሯል፣ ግጦሹ ተለክቷል፤ የእነዚያን ጎጆዎች ቁመትና ወርድ ግን ልጆቻቸው በእጃቸው ይዘው የሚያዩት ነገር ማን ሠራላቸው? ከብቱ የት ይታሰር እንደነበር፣ ምድጃው ከምሰሶው ምን ያህል ይርቅ እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ደባርቅ ውስጥ አሉ። ነገ ግን ያረጃሉ።

ስለዚህ ለእኔ የዚህ ሥራ የመጀመሪያ መሣሪያ ቶርኖ አይደለም፤ ሜትርና ደብተር ነው። ወደ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄዶ «አባቴ፣ ቤትዎ ስንት ክንድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ ሲመጣ የማሽኑ ምርጫ ከእርሱ ጋር ይመጣል። በቁጥር ላሳይ። የአንድ ጎጆ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር ነው እንበል፤ ክዳኑ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ቢወጣ ጠቅላላው 6 ሜትር ይሆናል። ይህን 50 ጊዜ አሳንሰን ብንሠራው ክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። 100 ጊዜ ብናሳንሰው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ምሰሶ 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ከክብሪት እንጨት ብዙም አይለይም፣ ስለቱ ሲነካው ይሰበራል። ሃምሳኛው ልክ ለምሰሶውም ለዓይንም ይመቻል። እንግዲህ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ክብ ማዞር የሚችል ማሽን ያስፈልገናል ማለት ነው። ከገበያው ውስጥ ግማሹን ማሽን ይህች አንዲት ጎጆ ጣለችው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ማሽኑ ሊያዞረው የሚችለውን ትልቁን ክብ አሜሪካኖች በሙሉ ወርዱ ይጠሩታል፤ እንግሊዞችና ሌሎች አውሮፓውያን ግን ብዙ ጊዜ ከዘንጉ መካከል እስከ አልጋው ያለውን ቁመት፣ ማለትም ግማሹን፣ ይጽፋሉ። በአንዱ «90» የተባለው በሌላው «180» ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚያወዳድር ሰው አንዱን ማሽን ያለ ኃጢአቱ ይኮንነዋል።

በገበያ የታወቁትን ጥቂቶቹን ላንሣ። የኦስትሪያው ኤምኮ በ1950ዎቹ ያወጣው ዩኒማት የዚህ ዓይነት ማሽን አባት ሊባል የሚችል ነው፤ ዛሬ የሚገኘው ግን ያገለገለው ብቻ ነው፤ መለዋወጫውንም ማደን ያስፈልጋል። የፕሮክሶን ዲቢ 250 ለእንጨት ብቻ የተሠራች፣ በአንድ እጅ የምትነሣ፣ ሞተሯ 100 ዋት የሆነ ማሽን ናት፤ ለቼስ ጠጠር፣ ለምሰሶ፣ ለትንሽ ከበሮ ትበቃለች፤ የእኛን 12 ሳንቲ ሜትር ክዳን ግን አታዞርም። የካሊፎርኒያው ሸርላይን በትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው፤ ሆኖም ከሥሩ ተጨማሪ ማንሻ ካልተገዛለት የሚያዞረው 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በልዩ ልዩ ስም የሚሸጠው የቻይናው «7 በ12» ደግሞ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዞራል፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ ለብረትም ያገለግላል። ጉድለቱ ከውስጥ መዘውሮቹ አንዳንዶቹ በብዙዎቹ ሞዴሎች ፕላስቲክ መሆናቸው ነው፤ ስለቱ በድንገት ሲነክስ ጥርሳቸው ይረግፋል። ይህ ግን እንደሚመስለው ክፉ ዜና አይደለም። ጎንደር ያለው የትልቁ ቶርኖ ባለሙያ በብረት ሊተካው ይችላል። ለእኛ አገር ሰው ከማሽኑ ትክክለኛነት በፊት መጠየቅ ያለበት «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ነው።

የእንጨት ቶርኖና የብረት ቶርኖ ልዩነትም መታወቅ አለበት። በእንጨቱ ማሽን ስለቱን በእጅ ይዞ በመደገፊያው ላይ እያንሸራተቱ ነው የሚቀርጹት፤ ቅርጹን የሚወስነው እጅና ዓይን ነው። በብረቱ ማሽን ስለቱ በብሎን ታስሮ በጥርስ እየተገፋ ይሄዳል፤ ቅርጹን የሚወስነው ልኬት ነው። የብረቱ ማሽን እንጨትም ይሠራል፤ ዳሩ ግን ብናኙ ከዘይቱ ጋር እየተለወሰ የማሽኑን መንሸራተቻ ይበላዋል፤ በየሥራው ማግስት መጥረግ ያሻል። ጎጆ፣ ከበሮና ሙቀጫ ለሚሠራ ሰው የእንጨቱ ይበቃል። የባቡር መንኮራኩር ወይም የሚንቀሳቀስ የእንፋሎት ሞተር ሞዴል የሚያምረው ሰው ግን ያለ ብረቱ አይሆንለትም።

ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለበት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛ 220። ዋሽንግተን ያለች እኅት በደግነት የላከችው ማሽን ደባርቅ ደርሶ ሶኬት በነካ ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ሸርላይንን የመሳሰሉ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ራሳቸው የሚያስተካክሉ ማሽኖች አሉ፤ ሌሎቹ ግን ትራንስፎርመር ይሻሉ። «ይህ ነገር በ220 ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከምስጋናው በፊት ይቅደም።

መብራቱስ ሲጠፋ? ወዳጆቼ ይህን ሲያነሡ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ልብስ ሰፊው በረንዳ ነው። የሲንገር የእግር መኪና ከእግር መርገጫው፣ ከትልቁ መዘውሩና ከቆዳ ቺንጋው ጋር፣ አንዲት ትንሽ የእንጨት ቶርኖ ማሽከርከር ይችላል። በሌላው ዓለም በርካታ የትርፍ ጊዜ ሠሪዎች አሮጌ የስፌት መኪና እግር ለዚሁ ተግባር አውለዋል። የእግር ጉልበት ሰፊውን ክዳን አያዞርም፤ ጣት ለሚያህል ምሰሶ ግን ይበቃል፤ ለሚለማመድ ሰው ደግሞ ዝግታው ራሱ አስተማሪ ነው። ክፉ መብራት ባለበት አገር በእግርም በሞተርም መሥራት የሚችል ማሽን፣ በሞተር ብቻ ከሚሠራ እጅግ ውድ ማሽን ይሻላል ባይ ነኝ።

ከማሽኑ ጋር የሚረሳው መሮው ነው። የገንዘቡን ሁሉ ለማሽኑ ከፍሎ ስለት የሚያጣ ሰው ብዙ ነው። ጥሩ መሮ ከከተማ ቀጥቃጭ ዘንድ ከመኪና ባሌስትራ ሊወጣ ይችላል። ከአሮጌ ሞረድ ማሠራት ግን አደገኛ ነው፤ የሞረድ ብረት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ በሚሽከረከር እንጨት ላይ ተሰብሮ ወደ ዓይን ይፈናጠራል። ስለ አደጋ ካነሣን ዘንድ ለደባርቅ ሰው ብቻ የሚነገር ምክር ልጨምር። ብርዳችን ያለ ጋቢ አያስቀምጥም፤ ቶርኖ ፊት ግን ጋቢም፣ ነጠላም፣ የአንገት ልብስም አይለበስም። የሚሽከረከር ዘንግ ጥለት አይምርም፤ ጫፏን ከያዘ ሰውየውን ይዞ ይጠቀለላል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛም ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይቆጠሩ።

እንጨቱን በተመለከተ ከፓርኩ አንዲት ጭራሮ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አይገባምም። ገበያ ውስጥ እንስራና የወተት ዕቃ ለማጠን የሚሸጠው የወይራ ፍልጥ ለትንሽ ቶርኖ ድንቅ ነገር ነው፤ ወይራ ጥቅጥቅ ያለ፣ ስለቱን የሚቀበል፣ ሲለሰልስ እንደ መስተዋት የሚያበራ እንጨት ነው። የተሰበረ ዘነዘና፣ የተጣለ ድግር ከዚህ ይመደባል። ዋንዛ ቀለል ያለና ለጀማሪ እጅ የሚታዘዝ ነው፤ ለሰፊው ክዳን የምመርጠው እርሱን ነው። እርጥብ ወይራ ሲደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ መድኃኒቱ የተቆረጡትን ጫፎች በቀለጠ ሰም ቀብቶ በጥላ ለወራት ማቆየት ነው። ሰሙ እርጥበቱን ያዘገየዋል፣ ልቡም ሳይፈነዳ ይደርቃል። የሊቃውንቱ ሰም ወርቁን እንደ ደበቀ፣ ይህም ሰም የእንጨቱን ልብ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስና ስለ ገንዘቡ ላንሣ። ከባንክ መስኮት ኋላ የሚቀመጥ ሰው ምኞትን በምንዛሬ መመንዘር ልማዱ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 600 ዶላር የሚያወጣ ማሽን ከ34 ሺህ ብር ተነሥቶ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሳይቆጠር። ይህ የአንድ ደመወዝተኛ ትከሻ የሚችለው አይደለም። ስድስት ሰው ግን በየወሩ 2 ሺህ ብር ቢያዋጣ በአምስት ወር 60 ሺህ ይሞላል። ዕቁብ የምናውቀው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ጠረጴዛ መውጣቱ ብቻ ነው። ቶርኖ ቀኑን ሙሉ በአንድ ሰው እጅ የሚውል ዕቃ አይደለም፤ ከስድስቱ አምስቱ ሲለኩ፣ ሲያለሰልሱና ሲገጥሙ አንዱ ያሽከረክራል።

ሁለት ተቃውሞዎችን ሳልመልስ ማለፍ አልሻም። አንደኛው «ሸክላ ሠሪዎቻችን ያለ መዘውር ፍጹም ክብ ጀበና ይሠሩ የለም ወይ? ማሽን ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ክቡር ሙግት ነው። ያ ክብ ግን የዕድሜ ልክ እጅ ውጤት ነው፤ እናት ለልጅ ስታወርሰው የኖረ ነው። ውርሱ ደግሞ በእኛ አካባቢ ተቋርጧል። በወገራና በሰሜን የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፣ ከዚያም በኋላ፣ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ በመንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ ትንንሽ የሸክላ ምስሎቿ ስሟን አስጠርተዋት ኖረዋል፤ ሞዴል መሥራት ለዚህ አገር እንግዳ እንዳልሆነ ምስክር ናት። እነዚያን እጆች በኖሩበት ዘመን በሙያቸው ሰደብናቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ነውሩ ሥር ሰዶ ነበር። የተቋረጠውን የእጅ ዕድሜ ማሽን አይተካውም። ዛሬ ለሚጀምር ሰው ግን በር ይከፍትለታል።

ሁለተኛው «ጎብኚ በቀነሰበት ዘመን ማን ይገዛዋል?» የሚል ነው። በሽታው፣ ጦርነቱ፣ ከዚያም የክልሉ ግጭት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የቱሪስቱን እግር አሳጥረውታል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ሞዴሉ ከሁሉ በፊት ለገዢ አይሠራ እላለሁ። ለትምህርት ቤቱ መስኮት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ፣ በቆርቆሮ ቤት ተወልዶ አያቱ «ምሰሶው ሥር» ስትል ለማይገባው ልጅ ይሠራ። ምሰሶን ያላየ ልጅ «የቤት ምሰሶ» የሚለውን አነጋገር እንዴት ይረዳዋል? ቃላችን እንኳ ከቅርጹ ጋር እየሄደ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሊያሳስበው የሚገባው ይህ ነው። ጎብኚው ሲመለስ ደግሞ ለራሳችን ብለን በእውነተኛ ልክ የሠራነውን ከማንኛውም ማስታወሻ ዕቃ አብልጦ ይወደዋል።

ፍርዴን ልስጥ። ለደባርቅና ለዳባት ጀማሪዎች የምመክረው ከ15 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ክብ የሚያዞር፣ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ፍጥነቱ ለሰፊው ዝቅ፣ ለቀጭኑ ከፍ የሚል፣ ዘንጉ በተለመደ ጥርስ የተሠራና መንጋጋው በሌላ የሚተካ፣ ከወፍራም ጣውላ ጋር የሚታሰር የእንጨት ቶርኖ ነው፤ የጋራ ሆኖ፣ ጎንደር ያለ ባለሙያ ሊጠግነው የሚችል። የማሽኑ ስም ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዋ ጎጆ ትለካ። የሚለካት ሰው የሚጠይቃቸው አዛውንት ዛሬ ገበያ ወጥተው ይሆናል፤ ማሽኑ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል፣ እርሳቸውን ግን አይቻልም።

ቸር እንሰንብት።